የዓለም አካባቢ አስተዳደር ጥናትን ስለሚደግፉ ፋውንዴሽኖች ጠይቁኝ

ዓለም አቀፍ የአካባቢ አስተዳደርን የሚያጠኑ ሰዎችን በሚረዳ አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ውስጥ ለዓመታት ፕሮፖዛል ሳነብ ቆይቻለሁ። ብዙ ሰው ተመሳሳይ ነገር ስለሚጠይቀኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ያሰባችሁትን ሁሉ ጠይቁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲጀመር "ዓለም አቀፍ የአካባቢ አስተዳደር" ምንድን ነው? ዓለምን የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት አለ እንዴ?

መልስ፦ የለም። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። አየሩ፣ ባሕሩና ወፉ ድንበር አያውቁም፤ ሕግ ግን ድንበር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ አገሮች ይሰበሰባሉ፣ ይደራደራሉ፣ ይፈራረማሉ፣ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ሪፖርት ያቀርባሉ። አስተዳደር የምንለው ይሄን ሁሉ አንድ ላይ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም አለ፤ የተወለደው ከ1972ቱ የስቶክሆልም ጉባኤ ነው። እሱ ግን አያዝም። ያስተባብራል፣ መረጃ ያቀርባል፣ አገሮችን ያገናኛል። ከመንግሥታት ውጭ ደግሞ ከተሞች፣ ኩባንያዎችና ሲቪክ ማኅበራት አሉበት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ይሄን ገንዘብ ለምን ዛፍ አይተክሉበትም? በወረቀት ላይ ወረቀት መከመር ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ምን ያስቀይመኛል? በጣም የምጠየቀው ይሄንኑ ነው። ዛፍ የሚተክለውን ሰው አከብረዋለሁ። ግን ኦዞንን እንይ። በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች የማቀዝቀዣና የስፕሬይ ጋዞች ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ሽፋን እንደሚጎዱ ጻፉ። በ1985 የብሪታንያ ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ላይ ሽፋኑ ክፉኛ መሳሳቱን ይፋ አደረጉ። በ1987 እነዚህን ጋዞች ለማስቀረት የሞንትሪያል ፕሮቶኮል የተባለው የአገሮች ስምምነት ተፈረመ። እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል።

የማይወራለት ቀጥሎ ያለው ነው። ዛሬ የዓለም አገሮች በሙሉ የፕሮቶኮሉ አባል ናቸው። ለምን ገቡ? ኬሚስትሪው ስላሳመናቸው ብቻ አይደለም። ከስምምነቱ ውጭ ከቀረ አገር ጋር በእነዚህ ጋዞች መነገድ ተከለከለ። ታዳጊ አገሮች ተጨማሪ ጊዜ ተሰጣቸው። ፋብሪካቸውን ለመቀየር የሚያወጡትን የሚሸፍን ፈንድም በ1990 ተወሰነላቸው። እነዚህን ሰዎች አስበው ነው የነደፏቸው። የትኛው ሠራ፣ የትኛው አልሠራም፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ቀጣዩ ስምምነት ከዜሮ ይጀምራል።

እንዲያም ሆኖ ነገሩ በፊርማ አያበቃም። በ2018 ሳይንቲስቶች ከእነዚሁ ጋዞች አንዱ የሆነው፣ ምርቱ ከታገደ ዓመታት የተቆጠሩለት ሲኤፍሲ 11፣ ልቀቱ ከ2012 ወዲህ እንደገና መጨመሩን ደረሱበት። በ2019 ደግሞ የጭማሪው ትልቅ ድርሻ ከምሥራቅ ቻይና እንደሚመጣ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ልቀቱ ወረደ። አየሩን የሚለካ ሰው ነበረ፣ የተለካውን ይዞ የሚጠይቅበት ሥርዓትም ነበረ። አንዱ ቢጎድል ኖሮ ሌላው ብቻውን ምንም አይፈይድም ነበር።

ጥያቄ፦ መንግሥታትና ዩኒቨርሲቲዎችስ ለምን አይከፍሉም?

መልስ፦ ይከፍላሉ። ግን ብዙውን ጊዜ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ለራስ አገር ሰው ነው የሚሰጠው። አምስት አገር ያሉ አምስት ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ አብረው ልናጥና ሲሉ ባለቤት ያጣሉ። ሌላው ደግሞ ደፋር ጥያቄ ነው። ከፋዩ መንግሥት ራሱ ቃሉን ለምን እንዳልጠበቀ ለሚመረምር ጥናት በጀት የሚፈቅድ ቢሮ ብዙ አላየሁም። ፋውንዴሽን ትንሽም ቢሆን ገንዘቡ እዚህ ክፍተት ውስጥ ሲገባ ነው ዋጋ የሚያወጣው። ከ2009 ጀምሮ የሚንቀሳቀሰው ኧርዝ ሲስተም ገቨርናንስ የተባለው የተመራማሪዎች መረብ ዓይነት ስብስብ በብዙ አገር የተበተኑ ሰዎችን ያገናኛል። እንዲህ ያለ መረብ የሚቆመው አንድ ሰው ጉባኤውን ስላዘጋጀ፣ ሌላው ኢሜይሉን ስለመለሰ ነው። ለዚያ ሥራ የሚከፍል ሰው ደግሞ ማግኘት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ገንዘቡ በትክክል ምን ላይ ይውላል? ሆቴልና አውሮፕላን ላይ ነው ይባላል።

መልስ፦ የተወሰነው አዎ፣ አውሮፕላን ላይ ነው። ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ የአንዲት ወጣት ተመራማሪ ፕሮፖዛል ደረሰኝ። በጀቱ ግማሽ ገጽ ነው። የጉዞ፣ የቪዛ፣ የአስተርጓሚ፣ የስምንት ወር ደመወዝ። ሌላ ምንም የለም። ላብራቶሪ የለ፣ መሣሪያ የለ። ልታጠና የፈለገችው ቅንፍ ነበር። የስምምነት ረቂቅ አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ አገሮች ያልተስማሙበት ቃል ሁሉ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይቀመጣል። "[ይገባል]" ወይስ "[ቢሆን ይመረጣል]"? ድርድር ማለት እነዚህን ቅንፎች አንድ በአንድ መክፈት ነው። እሷ ማን የትኛውን ቅንፍ እንዳስገባ፣ ማን በምን ሰዓት እንደተወው፣ ክፍሉ ውስጥ ያልነበረውስ ማን እንደሆነ ልትመዘግብ ነበር ያሰበችው።

የመጨረሻው ለእኔ ዋናው ነው። ትልልቅ አገሮች በደርዘን የሚቆጠር ልዑክ ይልካሉ። ትንሽ አገር አንድ ወይም ሁለት ሰው ትልካለች። ሦስት የድርድር ቡድን በአንድ ሰዓት በሦስት ክፍል ሲቀመጥ፣ ሌሊቱም ሲገፋ፣ ያ አንድ ሰው የት ይግባ? በሌለበት ክፍል ቅንፉ ይከፈታል። በማግሥቱ አገሩ "ተስማምታለች" ይባላል። ይሄን ከቢሮ ሆኖ ማየት አይቻልም። ኮሪደሩ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ከገምጋሚዎቹ አንዱ "ጉዞው በዛ" ብሎ ውድቅ ሊያደርገው ሲል ያለ ልማዴ ተሟገትኩ። አለፈ።

ጥያቄ፦ ለጋሹ ውጤቱን አይጠመዝዘውም? ከፋዩ ሲቆጣ ተመራማሪው ዝም ነው የሚለው።

መልስ፦ ይሄ ሥጋት ትክክለኛ ነው፣ እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። አንድ ለጋሽ ጥናቱ ከመታተሙ በፊት "እንይውና አስተያየት እንስጥበት" ብሎ ጠይቆ ያውቃል። አልተቀበልነውም፣ ገንዘቡም ቀረብን። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እመርጣለሁ።

አንድን ፋውንዴሽን ለመመዘን የማያቸው ነገሮች አሉ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ በግልጽ ይጽፋል? ገምጋሚዎቹን የሚመርጠው ለጋሹ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ከአመልካች ጋር የሠራ ወይም ዝምድና ያለው ገምጋሚ ከክፍሉ ይወጣል? ተመራማሪው ማንንም ሳያስፈቅድ የማሳተም መብቱ ውሉ ላይ ሰፍሯል? ይህ የመጨረሻው ከሌለ ሌላው ሁሉ ማስዋቢያ ነው። ደግሞም ውጤቱ ለማንም በነፃ የሚነበብ ይሁን። ስለ ሁሉም ምድር የተጠና ነገር ከክፍያ ግድግዳ ጀርባ ሲቀመጥ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ እኔ የሕግ ተማሪ ነኝ። ከታዳጊ አገር የመጣ ሰው በዚህ መስክ ዕድል አለው ብለው ያምናሉ? ሁሉም ጽሑፍ የሀብታም አገር ዩኒቨርሲቲ ስም ነው ያለው።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ሚዛኑ ተዛብቷል። ፋውንዴሽኖችም ጥፋቱ አለብን፤ የምናውቀውን ዩኒቨርሲቲ ስም ስናይ ልባችን ቶሎ ይረጋጋል።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በ2019 የሳውዝ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ 27 የሕግ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ ይዘው ተነሡ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አገሮች በአየር ንብረት ላይ ያለባቸውን ግዴታ ይንገረን አሉ። ቫኑዋቱ የምትባለው ትንሽ የደሴት አገር ሐሳቡን ይዛ ተነሣች። መጋቢት 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄውን ድምፅ መስጠት ሳያስፈልግ፣ በስምምነት አጸደቀው። ሐምሌ 2025 ፍርድ ቤቱ አስተያየቱን ሰጠ፣ ዳኞቹም በአንድ ድምፅ። አስተያየቱ እንደ ፍርድ አያስገድድም፤ አገሮች የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው ግን በግልጽ ተናግሯል። እንደ አንተ ተማሪ ነበሩ።

ፕሮፖዛል ስትጽፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዝ። የትኛው ስምምነት፣ የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው ስብሰባ እንደሆነ ስሙን ጥራ። "ግንዛቤ ለማስጨበጥ" ብሎ የሚጀምር ወረቀት ስንት እንዳነበብኩ አልነግርህም። የአስተርጓሚ ገንዘብ ደግሞ አትፍራ፣ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የመንግሥታት ስምምነት ብቻ ነው የሚጠናው?

መልስ፦ አይደለም። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት፣ ሰዎች የጋራ ግጦሽ፣ ደንና ውኃ ያለ መንግሥት ትእዛዝም ራሳቸው ባወጡት ደንብ ሊጠብቁ እንደሚችሉ ስላሳዩ ነው።

ጥያቄ፦ የፕላስቲክ ብክለትን የሚያስቆም የዓለም ስምምነት ለማውጣት የተጀመረው ድርድር እኮ ከሸፈ። ይሄ ሁሉ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ አይሆንም?

መልስ፦ መክሸፉ እኔንም አሳዝኖኛል። መጋቢት 2022 ናይሮቢ ላይ ሲወሰን እስከ 2024 መጨረሻ ያልቃል ተብሎ ነበር። ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ላይ አላለቀም። ነሐሴ 2025 ጄኔቫ ላይ ሌሊቱን አድረውም ሳይስማሙ ተለያዩ። ፕላስቲክ ሲመረት ይገደብ ወይስ ቆሻሻው ብቻ ይታይ የሚለው ዋናው ጠብ ነው።

ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ። አገሮቹ ካልተስማሙ በድምፅ ብልጫ ይወሰን ወይ የሚለው ደንብ ገና ከመጀመሪያው አከራክሮ ሳይቋጭ ቀረ። ስለዚህ ጥቂት አገሮች እንቢ ሲሉ ሁሉም ይቆማል። በሞንትሪያሉ ፕሮቶኮል ግን እንዲህ አይደለም። በቁጥጥር ውስጥ ያሉት ጋዞች የሚቀነሱበትን ጊዜ ለማፋጠን መጀመሪያ መስማማት ይሞከራል፤ ካልሆነ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይበቃል፣ ግን ከታዳጊዎቹም ካደጉትም አገሮች ብልጫ ማግኘት አለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማጥናት የብዙ ሰው ጊዜ ይፈልጋል። ከአሁን በኋላ በዚህ ላይ የሚመጣ ጥሩ ፕሮፖዛል ካለ ቀድሜ የማነበው እሱን ነው።