መልስ፦ ለፎቶኮፒ ቤት የትኛው ኡቡንቱ?

አብሽር ወንድሜ። ደሴ ፒያሳ ላለው ፎቶኮፒ ቤትህ ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሲስተም) 24.04 ልጫን ወይስ ከሱ በኋላ የወጣውን ብለሃል። 24.04ን ጫን። እሱ ኤልቲኤስ፣ ማለትም ረጅም ድጋፍ ያለው እትም ነው። በየ2 ዓመቱ የሚወጣው ኤልቲኤስ የ5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል፤ በመሀል የሚወጡት ግን 9 ወር ብቻ።

እኔም ኮምቦልቻ እየሠራሁ አዲሱ አጓጉቶኝ በመሀል የወጣውን ጫንኩ። በማግስቱ ፕሪንተሩ ዝም! ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው በር ላይ ተኮልኩለዋል፤ እኔ ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባ ሶፍትዌር) ፍለጋ የሞባይል ዳታዬን እጨርሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጎረቤት ሄደው አሳተሙ።

ላፕቶፕህ በጣም አዲስ ሆኖ ዋይፋዩ ካልሠራ፣ እዚያው 24.04 ላይ ኤችደብልዩኢ የሚባለውን አዲስ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት) ጫን። ሌላው ሳይነካ አዲስ ሃርድዌር ይለይልሃል። የኢንተርኔት ማሰሻው ፋየርፎክስማ በስናፕ (ራሱን ችሎ በሚታደስ የፕሮግራም ጥቅል) ስለሚመጣ እዚያም አዲሱን ታገኛለህ። አዲሱን ኡቡንቱ ለማየት ብቻ ከጓጓህ፣ ሳትጭነው ከፍላሽ አስነስተህ ሞክረው።