አሻንጉሊት ለምትሰፉ ልጆቼ

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤታችሁ ውስጥ አሻንጉሊት እየሰፋችሁ በቴሌግራም የምትሸጡ ወጣቶች፣ ሥራችሁን ሳይ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን የጨረስኩት መዋዕለ ሕፃናት በማስተማር ነውና አንድ ነገር ልምከራችሁ። ከቀሚሷ በፊት ፊቷንና ጸጉሯን አስቡ።

«ባህላዊ» የምንላት አሻንጉሊት ጥለት ለብሳ መደርደሪያ ላይ ትቆማለች። የሚገዛት እንግዳ ነው። ክፍሌ ውስጥ ልጆች «ቆንጆዋ የኔ ናት» እያሉ የሚሻሙት ግን ባለወርቃማ ጸጉሯን ፕላስቲክ ነበር። ይሄ ያመኛል፤ የልጅ ነገር ብላችሁም አትለፉት። ኬኔትና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለጥቁር ሕፃናት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት አቅርበው «ጥሩዋ የቷ ናት?» ብለው ጠየቁ። አብዛኞቹ ነጯን መረጡ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ተማሪዎችን በዘር መለየትን ሲሽር የክላርክን ጥናት ጠቅሷል።

ቀለም መቀየር ብቻውን አይበቃም። የባርቢ አሻንጉሊት ሠሪው ማቴል እ.ኤ.አ. በ1967 ፍራንሲ የተባለች አሻንጉሊቱን ጥቁር አድርጎ ሲያወጣ ፊቷ የነጯ ፍራንሲ ነበር፤ ቆዳዋን ብቻ አጠቆሩት። በዓመቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሺንዳና የተባለ የጥቁሮች ድርጅት ቤቢ ናንሲ የተባለች አሻንጉሊት ሠራ። እሷ የጥቁር ልጅ ፊት ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ብሔራዊ የመጫወቻዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ገብታለች።

እናንተም ጸጉሯን ከጥቁር ክር ሥሩት፤ ሹሩባ የሚሠራ፣ የሚፈታ፣ እንደገና የሚሠራ ይሁን። ልጅ እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ ስትሠራ ያየችውን ሁሉ በአሻንጉሊቷ ትደግመዋለች። እባካችሁ ቀይዋን ብቻ እየሠራችሁ «ሐበሻ» አትበሏት። ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር፣ ሁሉም ይኑር፤ ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም አለ።

ዓይኗን በቁልፍ አትሥሩት፣ ሕፃን ነቅሎ ይውጠዋል፤ በክር ጥለፉት። ስፌቱ ድርብ ይሁን፣ መታጠብም ትቻል። ከባለጥልፍ ቀሚሷ ጎን ቀለል ያለች፣ የጎረቤት እናት ልትገዛት የምትችላትን አንድ አዘጋጁ። እግሯ ሥር ደግሞ ስማችሁንና ዓመቱን ጥለፉ። አሻንጉሊት የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን እንደሠራትና መቼ እንደሆነ ነው።