ለባቡሩ ጥያቄ፦ ቪኤክስ ያለባትን ቁራጭ እንዳትጥላት

ወንድሜ፣ «ሰኞ የሞደርን ፊዚክስ ፈተና አለብኝ፤ የባቡሩን ጥያቄ በታይም ዳይሌሽን (የሚንቀሳቀስ ሰዓት ይዘገያል በሚለው ቀመር) ሠርቼ ለምን ተሳሳትኩ?» ያልከውን ሳነብ የራሴ ፋይናል ትዝ አለኝ። ኤ የጠበቅኩበትን ኮርስ ያበላሸብኝ ይሄው ነው፤ ቢረዝምም ታገሰኝ።

1. ጋማ (በፍጥነቱ ምክንያት ጊዜና ርቀት በስንት እጥፍ እንደሚለወጡ የሚነግርህን ቁጥር) ማስላት አያቅትህም። በ0.6 ሲ፣ ማለትም በብርሃን ፍጥነት 0.6 እጥፍ፣ 1.25 ነው፣ በቃልህ ያዘው።

2. ታይም ዳይሌሽን የሚሠራው ሁለቱ ክስተቶች በአንደኛው ፍሬም (በአንደኛው ተመልካች እይታ) አንድ ቦታ ላይ ከሆኑ ብቻ ነው። ለእኔ የመጣልኝ ጥያቄ፦ 300 ሜትር በሚራራቁት የፌርማታ ጫፎች ላይ ሁለት መብራቶች፣ ፌርማታው ላይ ለቆመ ሰው፣ በአንድ ቅጽበት ብልጭ አሉ፤ በ0.6 ሲ በሚሄድ ባቡር ውስጥ ላለ ሰውስ? እኔ ዜሮን በጋማ አባዝቼ «ዜሮ» ብዬ ወጣሁ። ማታ አራት ኪሎ ሻይ ቤት ጓደኛዬ ሶፍት ላይ ጻፈልኝ፦ ቲ ፕራይም ማለት ጋማ ሲባዛ በ(ቲ ሲቀነስ ቪኤክስ ሲካፈል ለሲ ስኩዌር)። ቲ ፕራይም በባቡሩ፣ ቲ በፌርማታው ያለው የጊዜ ልዩነት ነው፤ ቪ የባቡሩ ፍጥነት፣ ኤክስ በፌርማታው ያለው ርቀት። ቲ ዜሮ ቢሆንም ቪኤክስ ዜሮ አይደለም! ልዩነቱ 0.75 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ባቡሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ያለው መብራት ይቀድማል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እርማቱን ለማየት ቢሮ ስሄድ ደግሞ ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ነገ ና» አለችኝ። ሦስት ቀን አመላለሰችኝ። በአራተኛው ቀን ወረቀቱ ሲወጣ፣ በባቡሩ ፍሬም በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል ያለውን ርቀት (300 ሲባዛ በ1.25) 375 ሜትር ብዬ በትክክል የሠራሁትም ዜሮ ተሰጥቶታል። አቤት ስል «የማመልከቻ ጊዜው አልፏል» ተባልኩ። ያሳለፉብኝ እኮ ራሳቸው ናቸው! አንተ ውጤት በተለጠፈበት ቀን በጽሑፍ አመልክት፣ ቅጂውንም ያዝ።

3. የቪኤክስ ምልክት ፕላስ ነው ማይነስ የሚለው ካስቸገረህ፣ ስታዲየም ጣቢያ ባቡር ውስጥ ቁጭ በልና ፌርማታው ወደ ኋላ ሲሸሽ እይ። ስሌቱን ከባቡሩ ፍሬም ወደ ፌርማታው ፍሬም ስትመልስ የቪ ምልክት የሚገለበጠው ለዚህ ነው። (ለከተማችን ባቡር ፍጥነትማ ጊዜ ለሁሉም እኩል ነው የሚለው የጋሊልዮ ቀመር ይበቃል።)

4. ሳታጣራ ወረቀት አታስረክብ። በሁለቱ ክስተቶች መካከል ያለው ርቀት ስኩዌር ሲቀነስ ብርሃን በመካከላቸው ባለው ጊዜ የሚሄደው ርቀት ስኩዌር በሁለቱም ፍሬም እኩል መምጣት አለበት። በፌርማታው ጊዜው ዜሮ ስለሆነ 300 ስኩዌር ብቻ፣ 90,000 ነው። በባቡሩ፣ ብርሃን በ0.75 ማይክሮ ሰከንድ 225 ሜትር ስለሚሄድ፣ 375 ስኩዌር ሲቀነስ 225 ስኩዌር፣ 140,625 ሲቀነስ 50,625፤ ያው 90,000። ኮርሱን ደግሜ ስወስድ እያንዳንዱን ጥያቄ በዚህ አጣርቼ ኤ አመጣሁ።

እሁድ ከሰዓት አራት ኪሎ ነኝ። የተሳሳትክበትን ወረቀት ይዘህ ና፣ አብረን እንሠራዋለን።