የብር ናኖ ውሃ የእማዬን ካንሰር ያጠፋል?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። እማዬ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ኬሞ ጀምራለች። አንድ ዘመዳችን ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ «የብር ናኖ ውሃ» አመጣላት፤ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ (ናኖ) የብር ማዕድን ቅንጣቶች አሉበት የሚሉት ውሃ ነው። ካንሰሩ ራሱን በራሱ እንዲበላ ያደርገዋል፣ ከጾም ጋር ከሆነ ደግሞ ኬሞም አያስፈልግም ይላሉ። ትጠጣው?

መልስ፦ አትጠጣው እህቴ። ኬሞውንም እንዳታቋርጥ። ሻጮቹ የያዙት ግማሽ እውነት ነው፣ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ሴል ራሱን ይበላል፣ ይሄ እውነት ነው። ኦቶፋጂ ይባላል። ሴሉ ያረጀና የተበላሸ የውስጥ ክፍሉን ጠቅልሎ ላይሶሶም ወደሚባለው አሲዳማ ከረጢት ይልከዋል፣ እዚያ ይፈጭና የተገኘው ጥሬ ዕቃ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህን በእርሾ ላይ አጥንቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ጤነኛ ሴል ውስጥ ይህ ጽዳት ካንሰር እንዳይጀምር ይረዳል። እጢው አንዴ ካደገ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ምግብና ኦክስጅን ሲያጥረው፣ ኬሞ ሲመታው፣ የራሱን ክፍሎች እየበላ ነፍሱን ያቆያል። «ራሱን ይብላ» ማለት አንዳንዴ ለጠላት ስንቅ ማቀበል ነው። ለዚህም ብዙ ተመራማሪዎች ኦቶፋጂን ማገድ ነው የሚሞክሩት። ጣና ዳር ለወባ የምንውጠውን ክሎሮኪን ታውቂው የለ? የእሱ ዘመድ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የላይሶሶሙን አሲድ ስለሚያዳክም ከኬሞ ጋር በካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሯል። መደበኛ ሕክምና ግን አልሆነም፣ ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትሰጧት አደራ።

የወርቅ ናኖ ቅንጣቶችም ላይሶሶም ውስጥ ተጠራቅመው መፍጨቱን መሃል ላይ ያስቆማሉ። የብር ቅንጣት ደግሞ ኦቶፋጂን ይቀሰቅሳል፣ ግን በቤተ ሙከራ እንደታየው ይህ የካንሰር ሴሉን ከብሩ ጉዳት ይከላከልለታል፤ ብሩ በደንብ የገደለው ኦቶፋጂው ሲታገድ ነው። ሻጮቹ ከሚሉት ተቃራኒው ማለት ነው! ያውም ሳህን ላይ ባደጉ ሴሎችና በአይጥ እንጂ ጠርሙስ ጨልጦ በዳነ ሰው አይደለም። ብር አዘውትሮ መጠጣት ቆዳን ሰማያዊ ግራጫ ሊያደርግ ይችላል፣ መልኩም አይለቅም።

ጾሙን በተመለከተ፣ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ክብደት መቀነስ የለበትም። ሐኪሟንም የንስሐ አባቷንም አማክሩ። እስካሁን ከጠጣችው ደግሞ አትደብቁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሟ አሳዩ።