«ወፈርሽ»፣ «ከሳህ» ለምትባሉ ልጆቼ

ይድረስ ለልጆቼ፤

ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ዘመኔን ያሳለፍኩት ልጆች ክፍል ነው። ስንቱን ልጅ ሚዛን ላይ እንዳወጣሁ አላውቅም። ዓይኔ ላይ የቀረው አንድ ነገር ነው። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ትወጣና ቁጥሩን ከማየቷ በፊት ቀና ብላ የእናቷን ፊት ታያለች። ያ ፊት እስኪፈታ ትንፋሿን አትለቅም።

ይህን እንድጽፍላችሁ የገፋፋኝ የአሜሪካዊቷ የጁሊ መርፊ «ደምፕሊን» የተባለ ልብ ወለድ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሞ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ፊልም ሆኗል። ቴክሳስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የምትኖር ዊሎዲን የምትባል ልጅ ታሪክ ነው። ራሷን «ወፍራም ነኝ» ብላ ነው የምታስተዋውቀው። እናቷ በወጣትነቷ የቁንጅና ውድድር ያሸነፈች፣ ዛሬ ያንኑ ውድድር የምትመራ ሴት ናት። ልጇን «ደምፕሊን» ትላታለች፤ ድቡልቡል ሊጥ እንደማለት ነው። በፍቅር ነው የምትላት። እኔን የያዘኝ ግን ቀሚሱ ነው። እናትየዋ ያኔ ያሸነፈችበትን ቀሚስ በየዓመቱ ለውድድሩ ቀን ትለብሰዋለች፤ እሱ ውስጥ ለመግባትም በየዓመቱ ትታገላለች። ደግሞ በጣም ወፍራም የነበረች፣ ዊሎዲንን ያሳደገች እህቷ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞታባታለች። ልጇን ባየች ቁጥር እህቷን የምታይ ይመስለኛል። ሴትየዋ ስለ ልጇ ገላ በተናገረች ቁጥር የራሷ ቀሚስና የእህቷ ሞት አብረው ይናገራሉ።

እኛም ቤት እንዲሁ ነው። የወሎ ሰው የሆነች አያታችሁ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ልጅ ቀብራ ከሆነ፣ እናንተን አቅፋ «ወፈርሽ፣ እሰይ!» ስትል እየመረቀቻችሁ ነው። ለእሷ ሥጋ ማለት በሕይወት መትረፍ ነው። «ከሳህ» የሚለውም የራሱ ታሪክ አለው። ነጻ የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት አንድ ሰው ከሳ ከተባለ ሰፈሩ ያንሾካሹክ ነበር። እኔ ራሴ ታይፎይድ ብቻ ይዞት የከሳን ወጣት ጎረቤቶቹ ቡና መጥራት ሲተዉ አይቻለሁ። በዚያ ዘመን ልጅ ያሳደገች እናት ልጇ ሲቀጥን ብትደነግጥ አልፈርድባትም።

ይህን የምነግራችሁ ቃሉ እንዳያማችሁ አይደለም። ያማል። ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣች ልጅ ገና ቦሌ ሻንጣዋን ሳታወርድ አክስቶቿ «ውይ፣ እንዴት ወፍረሻል!» ሲሏት ቀለሟ ሲለወጥ ያየሁ ሰው ነኝ። እነሱ ደስ ብሏቸው ነበር። እሷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ገበታ ላይ ስትሽኮረመም ከረመች። ይባስ ብሎ እኛ ቤት «አፈር ስሆን ብዪ፣ በሞቴ!» ብላ የምታጎርሰው እጅ ናት፣ ትንሽ ቆይታ ወገባችሁን ይዛ «ይሄ ምንድነው?» የምትለው። ልጅ በዚህ መሃል ምን ያድርግ? ቢበላ ጥፋት፣ ባይበላ ንቀት።

ከሙያዬ አንድ ነገር ያዙ። በጉርምስና ገላችሁ መለወጥ አለበት። አዋቂ ስትሆኑ ከሚኖራችሁ ክብደት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው በእነዚህ ዓመታት ነው። ሴቶች ቁመታቸው በፍጥነት የሚያድገው 12 ዓመት አካባቢ፣ ወንዶች 14 አካባቢ ነው። ሴት ልጅ ዳሌዋና ጭኗ ላይ ስብ መያዟ ተፈጥሮ ያዘዘው ነው። ቢኤምአይ የሚባለውን፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝን ስሌት ስልካችሁ ላይ ሠርታችሁ ለአዋቂ በተቀመጠው 18.5 እና 25 መሃል ራሳችሁን አትፈልጉ። ከ19 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚታየው በዕድሜውና በፆታው በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው፤ እሱንም ባለሙያ ያንብብላችሁ። ምግብ መደበቅ፣ በልቶ ሆን ብሎ ማስመለስ፣ የወር አበባ መቅረት፣ ራስን መሳት ካለ ግን ዛሬውኑ ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ጾም ነው ብላችሁ አትሸፍኑት።

ለወላጅ መናገር ይከብዳል፤ አውቃለሁ። እንግዳ ፊት አትመልሱ፣ ገበታ ላይም አታንሱት። እናታችሁን ብቻዋን ስታገኟት፣ ቡና ስትለቅም ወይም ልብስ ስታጥፍ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯት። «እማዬ፣ ስለ ገላዬ ስታወሪ ይከፋኛል።» በቃ። ክርክር አትጨምሩ። አባት ከሆነና ካስፈራችሁ የምትሰማችሁን አክስት ላኩ።

ይህን ከልጄ ነው የተማርኩት። ሕፃን ሳለች ጉንጯ ሙሉ ስለነበረ «ድንቡሼ» እላት ነበር። ስሟ እስኪረሳ ድረስ ቤቱ ሁሉ እንደዚያ ይጠራት ጀመር። ሰባተኛ ክፍል እያለች ጓደኞቿ ሰምተው ትምህርት ቤት ወሰዱት። አንድ ማታ ሽንኩርት ስከትፍ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ በስሜ ጥሪኝ» አለችኝ። ቀን የሌሎች ሰዎች ልጆች ሲመዘኑ ፊታቸው ላይ የሚሆነውን አይ ነበር፤ የልጄን ፊት ግን ያን ያህል ዓመት አላየሁትም። ቢላዋውን አስቀምጬ «እሺ» አልኳት። አፌን ለማስለመድ ወራት ፈጀብኝ፤ ስሳሳት እሷ ዝም ብላ ታየኛለች፣ እኔም አርሜ በስሟ እጠራታለሁ።

ዛሬ እሷም እናት ሆናለች። ባለፈው እሑድ ሕፃኗን ሰጥታኝ አቀፍኳት። ጉንጯ እንደ እናቷ ሙሉ ነው። ያ ስም አፌ ላይ መጣ። ልጄ ከወዲያ ቀና ብላ አየችኝ። ዋጥኩትና ሕፃኗን በስሟ ጠራኋት።