ለየብቻ የቆሙ ባልዲዎች ወይስ የተያያዙ?

ሥሩ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ለሚያድግ ቲማቲም ለየብቻ የቆሙ ባልዲዎች ይሻላሉ ወይስ በቧንቧ ተያይዘው ውሃ የሚዘዋወርባቸው ብለው ጠይቀዋል። ለአራት ተክል ከሆነ ያለማመንታት ለየብቻ የቆሙትን እመርጣለሁ። እርግጥ ነው፣ የእያንዳንዱን ባልዲ ፒኤች (የውሃውን የአሲድነት መጠን) እየለኩ ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው ውስጥ ማቆየት ያደክማል። በተያያዙት ማጠራቀሚያው ላይ አንድ ጊዜ ለክተው ይገላገላሉ። ነገር ግን የአንዱ ተክል ሥር ፒቲየም በሚባል ሥር አበስባሽ ተህዋስ ከበሰበሰ፣ በሽታው በዚያው ውሃ ለሁሉም ይዳረሳል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ከሁለቱ ምርጫ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የውሃው ሙቀት ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን የሚይዝ ውሃ፣ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል፤ ሥሩ ደግሞ በሙቀት ጊዜ አብዝቶ ይተነፍሳል። ስለዚህ አስቀድመው ጠንካራ የአየር ፓምፕ ይግዙ። ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ ያስቀምጡት፤ መብራት ሲጠፋ ውሃ በቱቦው ተመልሶ እንዳይገባበት። ባልዲው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አልጌ ይወርሰዋል። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው፤ ቡናማና የሚያሙለጨልጭ ሆኖ ካገኙት ውሃውን ዛሬውኑ ይቀይሩ።