ጥያቄና መልስ፦ ኩባንያ የማቋቋም ሥልጣን የማን ነው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ከሦስት አገሮች የተላኩ ቢሆኑም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሆነ አንድ ላይ መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በሜልበርን አነስተኛ የጽዳት ኩባንያ አቋቁሜአለሁ። የተመዘገብኩት በፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሆኖ ሳለ፣ የምስክር ወረቀቱ ግን ኩባንያው በቪክቶሪያ እንደተመዘገበ ይቆጠራል ይላል። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይህች አንድ መስመር የረጅም ሙግት ውጤት ናት። የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 20 ለፌዴራሉ ፓርላማ ስለ ውጭ ኮርፖሬሽኖች፣ እንዲሁም በአገሪቱ ወሰን ውስጥ ስለተቋቋሙ የንግድና የፋይናንስ ኮርፖሬሽኖች ሕግ የማውጣት ሥልጣን ይሰጠዋል። ፓርላማው ይህን ተመርኩዞ እ.ኤ.አ. በ1989 የኩባንያን አመሠራረት ጭምር የሚገዛ ሕግ ሲያወጣ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ደቡብ አውስትራሊያና ምዕራብ አውስትራሊያ ተቃወሙ፤ ጉዳዩም የመጨረሻው የዳኝነት አካል ለሆነው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርድ ቤቱ በ1990፣ ስድስት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ ድንጋጌው የሚመለከተው አስቀድሞ የተቋቋመን ኩባንያ እንጂ ገና የሚቋቋመውን አይደለም ሲል ወሰነ።

ከዚያ በኋላ ግዛቶቹ የፌዴራሉን ሕግ የራሳቸው አድርገው የሚሠሩበት የትብብር ሥርዓት ተዘረጋ። ይሁን እንጂ ያው ፍርድ ቤት በ1999፣ ግዛቶች ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች የራሳቸውን የዳኝነት ሥልጣን መስጠት አይችሉም በማለቱ ሥርዓቱ ተናጋ። በመጨረሻ መውጫው የተገኘው በዚያው በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 37 ነው፤ በዚህ መሠረት ግዛቶቹ ጉዳዩን በፈቃዳቸው ለፌዴራሉ ፓርላማ አስተላለፉ፣ አሁን የሚሠራው የኮርፖሬሽኖች ሕግም በጁላይ 2001 ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ በግዛቶቹ ፈቃድ ላይ የቆመ በመሆኑ ነው ምስክር ወረቀትዎ ላይ የቪክቶሪያ ስም የሰፈረው። ፈቃዱም ቢሆን በየጊዜው የሚራዘም የጊዜ ገደብ አለው።

በበኩሌ የ1990ው ውሳኔ የሕጉን ቃል በታማኝነት ያነበበ ይመስለኛል፤ ውጤቱ ግን ግራ የሚያጋባ ነው። ፍርድ ቤቱ በ2006 በተሰጠ ሌላ ውሳኔ፣ ፓርላማው የእነዚህን ኩባንያዎች የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ሳይቀር መግዛት እንደሚችል አጽንቷል። ስለዚህ ያለ ግዛቶቹ ፈቃድ ሊነካ የማይችለው፣ ከሁሉ ቀላል የሚመስለው የምሥረታው ሥነ ሥርዓት ሆኖ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ የተመዘገበ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) አለኝ። የባለቤቶቹን ማንነት ለፌዴራል መንግሥት አሳውቁ ተብሎ ነበር፤ ኋላ ቀረ ተባለ። ሕገ መንግሥቱ ከልክሎ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ግዴታው በአሜሪካ ውስጥ ለተቋቋሙ ኩባንያዎች የቀረው የግምጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት በማርች 2025 ባወጣው ደንብ ነው። እርግጥ ነው፣ በ2024 አንድ በአላባማ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ግዴታውን የጣለው ሕግ ከኮንግረስ ሥልጣን ያልፋል ብሎ ነበር። የሥልጣኑ ጥያቄ የቆየ ነው፤ በ1787 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ባረቀቀው የፊላደልፊያ ጉባኤ፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄምስ ማዲሰን ለኮንግረስ የኩባንያ ቻርተር የመስጠት ሥልጣን እንዲሰጠው ያቀረበው ሐሳብ አልጸደቀም፤ ኤልኤልሲን ዛሬም የሚያቋቁሙት ግዛቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነጋዴ ነኝ። የክልል ምክር ቤት የራሱን የኩባንያ ሕግ ሊያወጣ ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 4 የንግድ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የተሰጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 52 ደግሞ ለክልሎች የሚተወው ለፌዴራሉ መንግሥት ለብቻው ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠውን ብቻ ነው። ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም የሚያስችለው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013ም ሐዋሳና ባሕር ዳር ላይ እኩል ይሠራል። የክልሉ ንግድ ቢሮ መዝግቦ ፈቃድ ቢሰጥዎትም የሚያስፈጽመው የፌዴራሉን ሕግ ነው።

ይህ ማለት ክልሉ በምሥረታው ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የግለሰብ ነጋዴ የትርፍ ግብር በአንቀጽ 97 የክልል ገቢ ሲሆን፣ የድርጅቶች የትርፍ ግብርና ባለአክሲዮኖች በሚያገኙት ድርሻ ላይ የሚጣለው ግብር ግን በአንቀጽ 98 የፌዴራልና የክልል የጋራ ገቢ ነው። እርስዎ የግል ንግድዎን ወደ ኃ.የተ.የግ.ማ. ሲያዞሩ፣ የሚከፍሉት የትርፍ ግብርም ከክልሉ ብቸኛ ገቢነት ወደ ጋራ ገቢነት ይዞራል።